ወንዟ የደረቀችበት ሰሞን

እናቴ ወንዝ ነበረች። ሰው «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ ይኸው ነበር፤ «ወንዝ ናት»። ጠያቂው ግራ ገብቶት አባቴን ቀና ብሎ ሲያየው፣ አባቴ «እውነቷን ነው» ይላል። አባቴ ነገር ማብራራት አይወድም።

ወላጆቼ የሚሠሩበት ቴአትር ቤት በዚያ ዓመት አንድ የድሮ ልብ ወለድ ወደ ሙዚቃዊ ድራማ ለውጦ ለማሳየት ይዘጋጅ ነበር። ሰው ሁሉ በትምህርት ቤት ተገዶ ያነበበው፣ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ታሪኩ ስለ አንድ ዳኛ ነው፤ ሀብታም፣ ኩሩ፣ ለአበባ ነፍሱን የሚሰጥ። ይህ ሰው የከተማውን ወንዝ ገድቦ ወደ ራሱ አትክልት ቦታ ያስገባዋል። ከተማው ይጠማል፣ ጀልባዎች ደረቅ መሬት ላይ ይቀራሉ፣ የዳኛው ልጅና የምትወደው ጀልበኛ መገናኛ ያጣሉ። በመጽሐፉ ወንዙ ወንዝ ብቻ ነው። መድረክ ላይ ውሃ መልቀቅ ስለማይቻል ግን ሴት አደረጉት። ያቺ ሴት እናቴ ናት። አንዲት ቃል አትናገርም፣ አንዲት ስንኝ አትዘፍንም፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ትጨፍራለች፣ በቃ። አባቴ ደግሞ ከመድረኩ ፊት፣ ሙዚቀኞቹ «ጉድጓዱ» ከሚሉት ዝቅ ያለ ቦታ ተቀምጦ ትራምፔት ይነፋል።

ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደዚያ እወሰዳለሁ። ቦታዬ ልብስ ክፍል ውስጥ፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ሥር ነበር። እዚያ ሆኜ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ እተኛለሁ፣ ዳቦዬን እበላለሁ፣ የትልልቅ ሰዎችን እግርና ወሬ እከታተላለሁ። የጠረጴዛው እመቤት ልብስ ሰፊዋ ናት። ስሟን የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ሁሉም «እትዬ መርፌ» ነው የሚላት። አፏ ሁልጊዜ በመርፌ ቁልፍ የተሞላ ስለሆነ የምትናገረው በከንፈሯ ጥግ ነው። ከምትለው ግማሹ ይሰማል፣ ግማሹ መርፌዎቹ መሃል ይቀራል።

ዳንስ የሚያሠለጥነው ቀጭን ሽማግሌ ነበር፤ ቆጣሪው ይሉታል። ሲደሰት ይቆጥራል፣ ሲቆጣም ይቆጥራል። ሲያስነጥሰው እንኳ ምት ይጠብቃል እያሉ ያሙታል። ዳኛውን ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ ሆዱ የገፋ፣ ድምፁ ወለል የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው። እሱን አምርሬ እጠላው ነበር። በመጣ ቁጥር ከኪሱ ብርቱካን አውጥቶ ይሰጠኛል፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ፦

«ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው?» አለኝ።

«እናቴን ለምን ታደርቃታለህ?»

«አንቱ በይ» አለች እናቴ ከመስታወቱ ፊት ሆና።

«እናቴን ለምን ያደርቋታል?»

ሰውየው ብርቱካኑን ወደ ኪሱ መለሰ። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል፣ የኔ እመቤት። እኔ በራሴ እንኳን ወንዝ፣ ባልዲ ውሃም አልነካም» አለና በረጅሙ ተነፈሰ። አላመንኩትም።

ከሁሉም የምወደው መጀመሪያው ገቢር ላይ ያለውን አንድ ትዕይንት ነበር። ወንዶቹ ጨፋሪዎች እናቴን ከራሳቸው በላይ አንስተው፣ ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ እጅ በእጅ ያሳልፏታል። እሷ እዚያ ላይ ሆና ክንዶቿን እንደ ማዕበል ታወዛውዛለች፣ ሥሯ የሚሄዱት ሰዎች የውሃ ዳር ድንጋይ ይመስላሉ። በልምምድ ላይ ብዙ ጊዜ ሳቋን መያዝ ያቅታታል። ቆጣሪው «ወንዝ አይስቅም» ይላታል፤ እሷም «ይስቃል እንጂ፤ ሰምተኸው አታውቅም?» ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይህ ቀረ። ወንዶቹ ሊያነሷት እጃቸውን ሲዘረጉ ቆጣሪው አጨበጨበና አስቆማቸው። «ከዛሬ ጀምሮ አትነሳም። እሷ መሬት ላይ ትሆናለች፣ እናንተ በዙሪያዋ ትወርዳላችሁ» አለ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ጨፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩና አንደኛዋ ልጅ እናቴን ከኋላ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት። እኔ መጋረጃው እጥፋት ውስጥ ቆሜ ነበር። ልምምዱ ለእረፍት ሲቆም እናቴና ቆጣሪው ወደኔ በኩል መጡ፤ እኔ መኖሬን አላዩም።

«ሐኪሙ ሌላ ምን አለ?» አላት።

«መጨፈሩን አልከለከለኝም። መነሳቱንና መዝለሉን ተዪ ነው ያለኝ።»

«ባልሽስ?»

«አያውቅም። እባክህ እንዳይሰማ።»

«እስከ መቼ ልትደብቂው ነው?»

«እስከ መክፈቻው። ከዚያ ራሴ እነግረዋለሁ። አሁን ቢሰማ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የሚነፋበት ትንፋሽ ደግሞ ያስፈልገናል» አለች። ሁለቱም ሳቁ። የእናቴ ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እናቴ እያለቀሰች የምትስቅበት ነገር ምን ያህል የከፋ ቢሆን ነው?

ከዚያ ወዲያ ጆሮዬን አቁሜ መጠባበቅ ያዝኩ። ጆሮውን ያቆመ ደግሞ የሚሰማው አያጣም። ጠዋት ጠዋት እናቴ ከአልጋዋ እንደወረደች መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች፤ ውሃውን ብትለቀውም ሲያስመልሳት ይሰማኛል። አባቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት «ጨጓራዬ ነው» ትላለች። የቴአትር ቤቱን ወለል በሰም በሚወለውሉበት ቀን አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ደጅ ትቆማለች። ከመድረኩ ጀርባ ወንበር ተቀመጠላት። ከዚያ በፊት የትኛውም ወንዝ ወንበር አልነበረውም።

አሁን የዚያን ሰሞን ፎቶግራፎች ሳይ የእናቴ ፊት እንደ ፋኖስ ያበራል። ያኔ ግን ትኩሳት ነበር የመሰለኝ።

አንድ ቀን እናቴ የጠበባትን ቀሚስ ልትለካ መጣች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር የተኛሁ መስዬ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። እትዬ መርፌ ወገቧ ላይ ያለውን ስፌት ስትተረትር ቀጭኗ የክር ድምፅ ትሰማኛለች።

«በሆድሽ ይዘሽ እስከ መቼ ትዞሪያለሽ?» አለች በከንፈሯ ጥግ።

«እትዬ፣ ልጅቷ አለች።»

«ተኝታለች። ብትሰማስ ምን ታውቃለች? ይልቅ ራስሽን ጠብቂ። አሁን እኮ ሁለት ነፍስ ነሽ...» የቀረው መርፌዎቹ መሃል ጠፋ።

ሁለት ነፍስ። ይህን ቃል ይዤ ቀኑን ሙሉ ተጨነቅኩበት። ሰው አንድ ነፍስ ብቻ እንዳለው አውቃለሁ፤ ሲሞት ነፍሱ እንደምትወጣም አውቃለሁ። እናቴ ዘንድ ሁለተኛ ነፍስ ከየት መጣች? ማታ ጥርሴን እየፋቅኩ መልሱ ብልጭ አለልኝ። ሁለተኛዋ የወንዟ ነፍስ ናት። ብዙ ጊዜ ስለጨፈረችላት ሰውነቷ ውስጥ ገብታለች። እናቴ የምታብጠው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ተጣብበው ነው። ወንዟ ደግሞ በሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ ትሞታለች።

ያ ትዕይንት እንዲህ ነበር። የዳኛው አሽከሮች የእናቴን ሰማያዊ ጨርቅ ከትከሻዋ፣ ከወገቧ፣ ከእጇ አንድ በአንድ እየሳቡ ይወስዱባታል። እሷ እየቀነሰች፣ እየተኮማተረች ሄዳ በመጨረሻ ቡናማ ጨርቅ ለብሳ መሬት ላይ ትቀራለች። አባቴ ብቻውን ቀስ ያለ የሐዘን ዜማ ይነፋል። መጋረጃ። እኔ የማውቀው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ምክንያቱም ሦስተኛውን ገቢር የሚለማመዱት ጠዋት፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነበር። መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል እንዳለው፣ ግድቡ እንደሚፈርስ የነገረኝ ሰው የለም። ሰው ሁሉ ታሪኩን ስለሚያውቀው የማታውቅ ልጅ አለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

መክፈቻው ሊደርስ ሲል በሙሉ ልብስና በሙሉ መብራት የመጨረሻው ልምምድ ተደረገ። ከሰዓት በኋላ ነው። ወንበሮቹ ላይ የሠራተኞች ቤተሰቦች ተቀምጠዋል፤ ሕፃናት ያስላሉ፣ አንዲት አሮጊት ብስኩት ታዞራለች። እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ብስኩቴን ሳልቀምሰው ይዣለሁ። ሁለተኛው ገቢር ተጋመሰ። ዳኛው ወጣ። አሽከሮቹ ተሰለፉ። የመጀመሪያው ጨርቅ ከእናቴ ትከሻ ላይ ሲሳብ እግሬ ራሱ አነሳኝ።

ወደ ጉድጓዱ የሚያስገባ ትንሽ በር ነበር። በቫዮሊኖቹ ክርንና በከበሮው መሃል ተሹለክልኬ አባቴ ጋ ደረስኩና እጅጌውን ጎተትኩ። ትራምፔቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል።

«አባዬ።»

«እንዴ! ሂጂ፣ ወደ ቦታሽ» አለ በሹክሹክታ።

«እማዬ ልትሞት ነው።»

«ትያትር ነው፣ የኔ ልጅ። ነግሬሽ የለ?»

«ትያትር አይደለም። ሐኪሙ እንዳትነሳ ከልክሏታል። አንተ እንዳትሰማ ብላለች። ብትሰማ ትንፋሽ ያጥርሃል ብላለች።»

አባቴ ጎንበስ አለ። «ምን አልሽ?»

አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። «ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሳት ጨጓራዋ አይደለም። አብጣለች። እትዬ መርፌ ቀሚሷን አስፍታላታለች። ሰም ሲሸታት ደጅ ትወጣለች። ሁለት ነፍስ ሆናለች፣ እትዬ መርፌ ራሷ ናት ያለችው። አንደኛዋ የወንዟ ናት፤ የእማዬን ገፍታ ልታስወጣት ነው...»

አባቴ ክንዴን ያዘ። «ማን ነው ሁለት ነፍስ ያለው?»

«እትዬ መርፌ።»

«አንቺ ራስሽ ሰምተሻል?»

«ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ።»

«ያበጠችው የቱ ጋ ነው?»

ሆዴን አሳየሁት።

የአባቴን ፊት ያን ጊዜ እንደሆነው ሆኖ ከዚያ በፊት አላየሁትም፣ ከዚያ በኋላም ያየሁት አልፎ አልፎ ነው። መጀመሪያ ምንም አልነበረበትም፤ ባዶ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ከአገጩ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። በዚህ መሃል የሙዚቃው መሪ ዱላውን ወደ እሱ ቀሰረ። ተራው ደርሷል። አባቴ ትራምፔቱን ወደ አፉ ወሰደ።

ትራምፔት የሚነፋ ሰው ፈገግ ማለት አይችልም። ከንፈር መጠበቅ አለበት። የአባቴ ከንፈር ግን አልታዘዝ አለው፤ በሁለቱም በኩል ወደ ጆሮው ይሸሻል። መጀመሪያ የወጣው ባዶ ትንፋሽ ነው። ቀጥሎ የዳክዬ ጫጩት የመሰለ ነገር ወጣ። ሙዚቀኞቹ ዞር አሉ። ከኋላ ሕፃናቱ ሳቁ። መሪው ዓይኑን አፍጥጦ እንደገና ምልክት ሰጠ። አባቴ ትራምፔቱን አወረደ፣ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ፣ አፉን ጭምድድ አድርጎ ሰበሰበና ነፋ። የወጣው ግን የሐዘኑ ዜማ አልነበረም። ያው ዜማ ነው፣ ኖታው ያው ነው፤ ነገር ግን ይፈጥናል፣ ይዘልላል፣ የማይገባው ቦታ ላይ ሽቅብ ይወጣል። ከበሮ መቺው ትከሻውን ነቀነቀና ተከተለው።

መድረኩ ላይ እየደረቀች የነበረችው ወንዝ ከተጋደመችበት ራሷን ቀና አደረገች።

አባቴ መንፋቱን ሳያቆም ከወንበሩ ተነሳ። ተያዩ። እናቴ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ አጠገቡ የቆምኩትን እኔን አየች። አባቴ በአንድ እጁ ትራምፔቱን ይዞ በሌላው ሆዱን ነካና ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ እውነት ነው ወይ ማለቱ ነው። የምትሞተው ወንዝ ራሷን ነቀነቀች። ነቀነቀችና ቡናማውን ጨርቅ ከላይዋ አውልቃ ጣለች።

ከዚያ ጨፈረች። ያንን ዳንስ ያስተማራት የለም። አልዘለለችም፣ ማንም አላነሳትም፤ እግሯ ከወለሉ ሳይለቅ መላ ሰውነቷ ግን ይፈስሳል፤ ከጣቷ ተነስቶ በትከሻዋ በኩል ወርዶ ተረከዟ ላይ ይደርስና ተመልሶ ይወጣል። አሽከሮቹ የነጠቁትን ጨርቅ ይዘው ተገትረው ቀሩ። አንደኛዋ ልጅ ነገሩ ገባትና ጨርቁን መልሳ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ዳኛው፣ ያ ክፉ ሰው፣ ሆዱን ይዞ በሳቅ እየተንፈራፈረ መሃል ገባና ካባውን ሰብስቦ አብሯት ይወዛወዝ ጀመር። ከእኔና ከአባቴ በቀር ቤቱ ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

የድራማው አዘጋጅ ከኋላ ወንበር ተነስቶ «ምንድን ነው የምትሠሩት?» ብሎ ጮኸ።

ቆጣሪው ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። «ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው» አለው።

ሲያበቃ ያቺ የብስኩት አሮጊት ሳትቀር ቆማ አጨበጨበች። ከዚያ አዘጋጁ ሁሉንም ወደ ቦታው መልሶ ትዕይንቱን ከመጀመሪያው አስጀመረ። አባቴም ወንዟን በሥርዓት አደረቃት። እኔ ጭኑ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሲነፋ ደረቱ ጀርባዬን ይገፋኛል። ሦስተኛውንም ገቢር ያየሁት እዚያው ሆኜ ነው። ግድቡ ሲፈርስ ሰማያዊው ጨርቅ ከመድረኩ ወርዶ በራሳችን ላይ አልፎ እስከ ኋላ ወንበሮች ሄደ፤ ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ውሃ ውስጥ ነበርን።

ሰዉ ሲበታተን ዳኛው ካባውን እንደለበሰ መጣ። ብርቱካን ልጦ ግማሹን ዘረጋልኝ።

«አሁንስ ታረቅን?»

«ነገም ያደርቋታል?»

«ነገማ ግድ ነው። ግን መጨረሻውን አይተሻል አይደል?»

ትንሽ አሰብኩና ተቀበልኩት። ጣፋጭ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስታችን ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድን። አባቴ የትራምፔቱን ሳጥን በአንድ ትከሻው፣ የእናቴን ቦርሳ በሌላው አንጠልጥሏል። የእኔንም ቦርሳ አምጪ አለኝ። ምንም የሚይዘው ሲያጣ የእናቴን ሻርፕ ተቀበላት።

«ጨጓራዬ ነው አልሽኝ» አለ።

«ምን ልበልህ ታዲያ?»

«እውነቱን። ቴአትር ቤት ያለው ጥበቃ ሳይቀር ያውቃል። በሩ ላይ ሲያቅፈኝ ምን ሆኗል ብዬ ነበር።»

«ከመክፈቻው በኋላ ልነግርህ ነበር። ትንሽ ጠና ይበል ብዬ ነው።» ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንደገና እንጨት እንዳትጠርብ ብዬ ነው» አለችው።

አባቴ የሳጥኑን ማንጠልጠያ አስተካከለ። እኔም እንጨት መጥረብ ምን ክፋት አለው ብዬ አሰብኩ። ኩሽናችን ውስጥ አንድ መደርደሪያ ነበረ፤ ለሳህን የማይስማማ፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ወፎች የተቀረጹበት። ለምን መደርደሪያ ላይ ወፍ እንደሚቀረጽ ጠይቄ አላውቅም። ካደግኩ በኋላ ነው የሕፃን አልጋ ለመሆን ተጠርቦ እንደነበረ የሰማሁት፤ ከእኔ በኋላ ከአንዴም ሁለቴ ተስፋ አድርገው ሁለቴም አልሆነላቸውም። አባቴ አልጋውን ፈትቶ መደርደሪያ አደረገውና ሳህን ደረደረበት።

ማቆሚያው ጋ ስንደርስ አባቴ «ዘንድሮ አልጠርብም» አለ። «መጀመሪያ ይምጣ። ከዚያ ለክተን እንሠራለታለን።»

«ይምጣ ነው ያልከው? ሴት ብትሆንስ?»

«ትምጣ። ሁለቱም ቢመጡ ቦታ አለን።»

እናቴ ሳቀች። እዚያ ከፍታ ላይ ሆና የምትስቀውን ሳቅ ነው የሳቀችው፣ አሁን ግን መሬት ላይ ቆማ። ትከሻው ላይ ራሷን ጣል ስታደርግ የትራምፔቱ ሳጥን መሃላቸው ገብቶ ግንባሯን መታት፤ እንደገና ሳቁ። እኔ ነገሩ አሁንም በደንብ አልጠራልኝም ነበር። ቀሚሷን ጎተትኩ።

«እማዬ፣ ታዲያ የሚሞት የለም?»

ጎንበስ ብላ ፀጉሬን ከግንባሬ ላይ መለሰችልኝ። «የለም። የሚመጣ ነው ያለው።»

«ማን?»

«እኛም ገና አልተዋወቅንም።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። በሩ ሲከፈት ከፊት ቆሜ የሚወርዱትን ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸውን እያየሁ መረመርኳቸው። ጋዜጣ በብብቱ የያዘ ወፍራም ሰውዬ ወረደ። ከረጢት ያንጠለጠለች ሴት ወረደች፣ ሁለት ተማሪዎች ወረዱ፣ በመጨረሻም መነጽሩን የሚወለውል ሽማግሌ። እኛን የሚመስል አልነበረም።

«አልመጣም» አልኩት አባቴን።

«በዚህኛው አይደለም» አለኝ፣ እናቴን በክንዷ ደግፎ እያሳፈራት።